ሞዴሉ ከውሃ አልነሳ ሲል፦ የተንሳፋፊውን ማዕዘን መለካትና ማስተካከል

በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ጎማው ወልቆ ተንሳፋፊ ሲገጠምለት፣ ሜዳ ላይ በጥቂት ሜትሮች ይነሳ የነበረው ውሃውን እያረሰ ይሮጥና አልነሳ ይላል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። ትልቅ ባትሪ ይገጥማል፤ ክብደቱ ይጨምርና ችግሩ ይብሳል። ከሞተሩ በፊት መለካት ያለበት በክንፉና በተንሳፋፊው መካከል ያለው ማዕዘን ነው። ጅማን በመሰለ ከፍ ያለ አገር፣ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የ2 ዲግሪ ስህተት ብቻውን አውሮፕላኑን ውሃ ላይ ሊያስቀረው ይችላል።

ከዚህ በታች ያሉት ልኮች ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 120 ሳ.ሜ.፣ ከፕሮፔለሩ እስከ ራደሩ (አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጭራ ክፍል) ማጠፊያ 90 ሳ.ሜ. ለሆነ፣ ተንሳፋፊውን ጨምሮ 1.2 ኪ.ግ. ለሚመዝን የኤሌክትሪክ ሞዴል ናቸው። ክንፉ ከላይ የተቀመጠ፣ ሆዱም ጠፍጣፋ የሆነ ዓይነት ነው። ተንሳፋፊዎቹ ከፎም ተቆርጠው እያንዳንዳቸው 70 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 6 ሳ.ሜ. ወርድና 6 ሳ.ሜ. ከፍታ ይኖራቸዋል። ጫፋቸው ከፕሮፔለሩ ከ5 እስከ 8 ሳ.ሜ. ቀድሞ ይወጣል። በሁለቱ መካከል፣ ከመሃል እስከ መሃል፣ 30 ሳ.ሜ. ይበቃል።

ማዕዘኑ ለምን ይህን ያህል ይወስናል? ተንሳፋፊው መጀመሪያ እንደ ጀልባ ውሃውን እየገፋ ይሄዳል። ፍጥነት ሲያገኝ ወደ ላይ ይወጣና ሆዱ ላይ ካለው እርከን (ሆዱ በድንገት ወደ ላይ ከሚሰበርበት ደረጃ) ፊት ባለው ክፍል ብቻ ተደግፎ ይንሸራተታል፤ ከእርከኑ ኋላ ያለው ጭራ ውሃ መንካት የለበትም። ሜዳ ላይ ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጭራ ክፍል) ስበው አፍንጫውን እንደልብ ማንሳት ይችላሉ። ውሃ ላይ ግን አፍንጫው ከልክ በላይ ሲነሳ የተንሳፋፊው ጭራ ውሃ ውስጥ ይገባና እንደ ፍሬን ይይዛል። ስለዚህ ክንፉ ለመነሳት ከሚያስፈልገው ማዕዘን የተወሰነው አስቀድሞ በአገጣጠሙ ሊሰጠው ይገባል። ልኩ ከተንሳፋፊው ጀርባ አንጻር ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ነው። በ2.5 መጀመር ጥሩ ነው።

ለመለካት የስልክ አፕሊኬሽን አይመከርም፤ በሜትርና በውሃ ልክ መሥራት የበለጠ ያስተማምናል። አውሮፕላኑን ቀጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፤ ከተንሳፋፊዎቹ ሥር ቁርጥራጭ ካርቶን እየከተቱ ጀርባቸው በውሃ ልኩ ቀጥ እስኪል ያስተካክሉ። ከዚያ በክንፉ ሆድ ላይ፣ ከፊተኛው ጠርዝ 3 ሳ.ሜ. ገባ ብለው አንድ ነጥብ፣ ከእሱ 15 ሳ.ሜ. ወደ ኋላ ሌላ ነጥብ ምልክት ያድርጉ። ጠርዙ ራሱ ላይ አይለኩ፤ እዚያ ሆዱ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ልኩ ይሳሳታል። ሁለቱ ነጥቦች ከጠረጴዛው ያላቸውን ከፍታ ይለኩ። የፊተኛው በ5 ሚ.ሜ. ከበለጠ 2 ዲግሪ ገደማ፣ በ6.5 ከበለጠ 2.5፣ በ8 ከበለጠ 3 ዲግሪ ገደማ ነው። በግራና በቀኝ ክንፍ ይደግሙት፤ ልዩነት ከተገኘ ማዕዘኑን ከመንካትዎ በፊት የተጣመመውን እግር ያቅኑ።

ማስተካከያው እግሮቹ ተንሳፋፊው ላይ የሚታሠሩበት ቦታ ነው። የፊተኛውና የኋለኛው እግር ርቀት 20 ሳ.ሜ. ከሆነ 1 ዲግሪ ማለት 3.5 ሚ.ሜ. ነው። ማዕዘኑን ለመጨመር ከፊተኛው እግር ሥር፣ ለመቀነስ ከኋለኛው እግር ሥር ማስነሻ ይገባል። ባለ 3 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ወደ 0.9 ዲግሪ ይሰጣል። ለትንሽ ለውጥ ሲም ካርድ ተነቅሎ የሚቀረው ፕላስቲክ ይበቃል፤ ውፍረቱ 0.8 ሚ.ሜ. ገደማ ስለሆነ ሩብ ዲግሪ ያህል ነው። ሮንዴላ ብቻ መደርደር ግን ፎሙን እየሰረጎደ ልኩን ያጠፋል። ማስነሻው በጨመረ ቁጥር ብሎኑም መርዘም አለበት፤ ዳዶው ሙሉ በሙሉ ካልያዘ እግሩ በመጀመሪያው ማረፍ ይነቀላል። በአንድ ጊዜ ከ1 ዲግሪ በላይ አይለውጡ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ፊቱን በ1 ዲግሪ ሲያነሱ የአውሮፕላኑ የክብደት ማዕከል ከተንሳፋፊው አንጻር ወደ 2 ሚ.ሜ. ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ የእርከኑ ቦታ እንደገና ይታያል። መጀመሪያ ባትሪው በቦታው ሆኖ፣ ተንሳፋፊውም ተገጥሞ፣ አውሮፕላኑ ያለ ተንሳፋፊ ሚዛኑን በሚጠብቅበት በዚያው ነጥብ ሚዛኑን መጠበቁን ያረጋግጡ። ከዚያ ከነጥቡ ላይ ቱምቢ ይጣሉ። እርከኑ ከክሩ ከ10 እስከ 13 ሚ.ሜ. ወደ ኋላ መሆን አለበት። ከክሩ ፊት ከሆነ አውሮፕላኑ በጭራው ይቀመጣል፤ 25 ሚ.ሜ. ያህል ወደ ኋላ ከራቀ ደግሞ ኤሌቬተሩ አፍንጫውን ማንሳት ያቅተዋል።

ስለ እርከኑ ጠርዝም መናገር ያስፈልጋል፤ ማዕዘኑ ትክክል ሆኖ ሳለ አልነሳ ያለ ሞዴል ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው። የእርከኑ ቁመት ከ10 እስከ 12 ሚ.ሜ. ሆኖ ጠርዙ እንደ ቢላ የሰላ መሆን አለበት። ፎሙ በስኮች ሲለበጥ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ጠርዙ ይዶለዱማል። ውሃው የዶለዶመውን ጠርዝ ተከትሎ ወደ ላይ ይጠመዘዝና ጭራውን ይስባል፤ እርከኑ ያለ ያህል አይቆጠርም። ከላይ ያልነው የሲም ካርድ ፕላስቲክ ለዚህም ይሆናል። በእርከኑ ቋሚ ፊት ላይ በኤፖክሲ ይለጠፍና ታችኛው ጠርዙ ከሆዱ ጋር እኩል ሆኖ ስል ሆኖ ይቀራል። በፎም ላይ ሱፐር ግሉ አይጠቀሙ፤ ነጩን ፎም ይበላዋል።

ለሙከራው በተንሳፋፊው ጎን ላይ በየ5 ሳ.ሜ. ጥቁር መስመር፣ በእርከኑ ትክክል ደግሞ ቀይ መስመር ያስምሩ። አንድ ሰው ዳር ቁጭ ብሎ በስልክ በዝግታ እንቅስቃሴ (ስሎው ሞሽን) ይቅረጽ። ኤሌቬተሩን እስከ መጨረሻ ስበው ኃይሉን በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ቀስ እያሉ ይስጡ። አፍንጫው ከፍ ብሎ መልሶ ዝቅ ሲል ኤሌቬተሩን ወደ መሃል ይመልሱት፤ ፍጥነቱ ሲሞላ በጥቂቱ ይሳቡ። ቪዲዮው ላይ ውሃው ከቀዩ መስመር ላይ ተቆርጦ ከወጣ፣ ከዚያ ኋላ ያሉት ጥቁር መስመሮችም ደረቅ ከሆኑ፣ አገጣጠሙ ጥሩ ነው።

በእርከኑ ላይ ፈጥኖ እየሮጠ የማይነሳ፣ ሲሳብም ጭራው ረጭቶ ፍጥነት የሚያጣ ከሆነ የክንፉ ማዕዘን አንሷል፤ ግማሽ ዲግሪ ይጨምሩ። ገና ሳይፈጥን ዘሎ ወጥቶ አንድ ክንፉን ጥሎ የሚወድቅ ከሆነ ማዕዘኑ በዝቷል። ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ሞዴሉን ይሰብራል። ወደ ላይና ወደ ታች እየናጠ የሚሮጥ ከሆነ በመጀመሪያ ኤሌቬተሩን ማላላት፣ ካልተወው የእርከኑን ቦታ መለካት። ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ የሁለቱን ተንሳፋፊዎች ርቀት በፊትና በኋላ ይለኩ፤ ከ2 ሚ.ሜ. በላይ መለያየት የለበትም።

አሁን ስለ ከፍታው። ጅማ አቅራቢያ ያለው የግልገል ግቤ ግድብ የውሃ ማጠራቀሚያ ሲሞላ ከባሕር ወለል በላይ 1,671 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ውሃው ግን ያው ውሃ ነው፤ መጎተቱን አይቀንስም። ለመነሳት የሚያስፈልገው ፍጥነት በ9 በመቶ ያህል ሲያድግ የፕሮፔለሩ ግፊት ይቀንሳል። መፍትሔው ማዕዘኑን ወደ 5 ዲግሪ መውሰድ አይደለም። 10 በ7 ፕሮፔለር (ስፋቱ 10፣ ርምጃው፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው፣ 7 ኢንች) ካለ በ11 በ5 ዓይነት፣ ማለትም ሰፋ ብሎ ርምጃው ባነሰ ይቀይሩት፤ ዝቅ ባለ ፍጥነት የሚሰጠው ግፊት ይበልጣል። ከቀየሩ በኋላ ሞተሩ የሚወስደውን አምፔር በመለኪያ ማየት ግድ ነው። ማለዳው ቀዝቀዝ ስለሚል የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ውሃው እንደ መስታወት ከረጋ ተንሳፋፊውን አጥብቆ ይይዛል። ትንሽ ነፋስ ተነስቶ ውሃው ሲሸበሸብ፣ ወደ ነፋሱ ፊት ማስነሳት ይቀላል።

ፈቃድ ሳይያዝ፣ እንዲሁም በግድቡ አካልና በዓሣ አጥማጆች መረብ አጠገብ ሙከራ አይደረግም። ጅማ ያለው የቦዬ ረግረግም ሆነ ግቤ ጉማሬ ያለበት ውሃ ስለሆነ የቆመ ሞዴል ለማምጣት በእግር አይገባም። ጀልባ ያለው ሰው አስቀድሞ ይነገረው፤ ካልሆነም የቴኒስ ኳስ በዓሣ ማጥመጃ ክር አስሮ በሞዴሉ ላይ አሳልፎ በመወርወር ወደ ዳር መጎተት ይቻላል።

እቤት ሲገቡ ተንሳፋፊዎቹን ፈትተው ይመዝኑ። አንዱ በ20 ግራም ከከበደ ውሃ ገብቶታል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው የብሎኑ ቀዳዳ ነው። ውሃው እስኪወጣ በጥላ ያድርቁት፣ ቀዳዳውን በኤፖክሲ ይድፈኑ፤ መልሰው ከገጠሙ በኋላም በክንፉ ሆድ ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች እንደገና ይለኩ።