የጋሪ ጎማ ሻንደሊየር፦ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ሲነዝር፣ ሲያዘነብል

ዴንቨርና አካባቢዋ የኤሌክትሪክ ስራ የሚሰራ ሰው ከጋሪ ጎማ አያመልጥም። የድሮ ሰረገላ ጎማ በአግድም ተኝቶ፣ በሰንሰለት ከጣሪያ ተንጠልጥሎ፣ ዙሪያውን ስድስት ወይም ስምንት አምፖል ተተክሎበት ታገኙታላችሁ። የከብት እርባታ ቤቶችና የተራራ ጎጆዎች ያለሱ አይሆንላቸውም። አሁን አሁን ከዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ያሉ የኛ ሰዎችም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየገዙ ሳሎን ላይ መስቀል ጀምረዋል። ዕቃው ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእርግጥ መንገድ የተጓዘ ጎማ ነው፤ ስቱድቤከርን የመሰሉ ፋብሪካዎች ሰረገላ ያመርቱ ከነበረበት ዘመን የተረፈ። ሌላው በ1940ዎቹና በ50ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጌጥ ብቻ የተሰራ ነው። የመጀመሪያው ይከብዳል። የሁለተኛው ሽቦ ያስቸግራል።

አምፖል ቀይራችሁ፣ ብሬከሩን አይታችሁ ነው እዚህ የደረሳችሁት ብዬ ልቀጥል።

አንዱ አምፖል ብቻ ብልጭ ድርግም ሲል

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፖርታላምፓው፣ ማለትም አምፖሉ የሚገባበት ነው። ውስጡ መሃል ላይ ያለችው ምላስ ለዓመታት በአምፖል ተጭና ተኝታለች። ብሬከሩን አጥፉ፣ በቴስተር አረጋግጡ፣ ከዚያ ምላሷን በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ አድርጋችሁ 3 ሚሊሜትር ያህል ቀና አድርጓት። ከጠቆረች ግን አትድከሙ፣ ፖርታላምፓውን ቀይሩት። ስትቀይሩም በሁለት ጣት ሲጨመቅ የሚጣመመውን ስስ ቆርቆሮ አትግዙ። የነሐስ ወይም የሸክላው ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን በየስድስት ወሩ መሰላል አያስወጣችሁም።

ሁሉም አንድ ላይ ሲንቀጠቀጡ

መብራቱን ስታደበዝዙት ብቻ ከሆነ፣ ማደብዘዣው ለድሮው አምፖል የተሰራ ነው። ኤልኢዲ የሚቀበል ግጠሙ። ሳታደበዝዙትም ከሆነ፣ ጣሪያው ሳጥን ውስጥ ያለው የሽቦ መጋጠሚያ ላልቷል። ቤቱ ከ1965 እስከ 1973 (እ.ኤ.አ.) የተሰራ ከሆነ ግን እጃችሁን አታስገቡ። የዚያ ዘመን ቤቶች ውስጥ የአሉሚኒየም ሽቦ ሊኖር ይችላል። አሉሚኒየምን ከመዳብ ጋር በተራ የሽቦ ቆብ ማጣመም መጋጠሚያውን ያግለዋል፣ እሳትም ያስነሳል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥሩ።

ብረቱን ስትነኩ ሲነዝራችሁ

አሁኑኑ ብሬከሩን አጥፉ። ነገ ይደርሳል የሚባል ነገር አይደለም።

የድሮው ሽቦ ላስቲክ ለብሶ፣ ከላዩ ጨርቅ የተጠመጠመበት ነው። ጨርቁ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልቋል። 60 ዋት የተጻፈበት ላይ 100 ዋት ሲያበሩበት የኖሩ ሰዎች ላስቲኩን ጠብሰውታል። አጠፍ ስታደርጉት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። እርቃኑን የቀረው ሽቦ ጎማውን ዙሪያውን ከያዘው የብረት ቀለበት ጋር ሲነካካ ብረቱ በሙሉ 120 ቮልት ይሸከማል። ናስትሮ ጠምጥሞ መመለስ የለም። አንዱ ጋ ከተፈረፈረ ሌላውም ጋ ተፈርፍሯል፣ ሁሉንም አውጥታችሁ በአዲስ ቀይሩ። ፌዙ (ኃይል ያለው ሽቦ) ወደ መሃሏ ምላስ፣ ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ወደ ጠመዝማዛው ቆርቆሮ ነው የሚሄደው። በጠፍጣፋው የመብራት ገመድ ላይ በጥፍራችሁ ስትዳብሱት ሰንበር ያለበት ወገን ኒውትራሉ ነው። ሰዎች ይህችን እየገለበጡ ያስራሉ፣ መብራቱም ስለሚበራ ትክክል ይመስላቸዋል። ኤሌክትሪኩ የሚይዘው አምፖል ሊቀይር እጁን የሚሰደውን ሰው ነው። የብረት ቀለበቱንና የብረት አካሉን ሁሉ ከግራውንድ ጋር አያይዙ። ሳጥኑ ውስጥ የግራውንድ ሽቦ ከሌለ ባለሙያ ሳያየው አትስቀሉት።

ሲያዘነብል፣ ሲያቃስት፣ ክፍተት ሲታይበት

ስልኬ በክረምት የሚጮኸው በዚህ ነው። ደዋዩ ብዙ ጊዜ የሚነግረኝ ሌላ ነገር ነው፤ «መብራቱ ይቆራረጣል» ይለኛል። ሄጄ ቀና ስል ጎማው ወደ አንድ ጎን ወርዷል፣ አንዱ ሰንሰለት ላልቷል፣ ክብደቱን የተሸከመው የኤሌክትሪክ ገመዱ ነው። ገመዱ ሲወጠር ሽቦው ከመጋጠሚያው ይሳባል፣ መብራቱም ይቆራረጣል። እንዲህ ያለው ቤት ሽቦውን ብቻ አስተካክሎ የሚሄድ ሰራተኛ በጣም ያናድደኛል።

ምክንያቱ ድርቀት ነው። ጎማው ሲሰራ የብረት ቀለበቱ በእሳት ግሎ በእንጨቱ ላይ ይጠለቃል፣ ወዲያው ውሃ ይፈስበታል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና እምብርቱን፣ ዘንጎቹን፣ የእንጨቱን ክብ ጨምቆ አንድ ያደርጋቸዋል። ጎማውን የያዘው ይህ ጭመቃ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይቀንሳል፣ ብረቱ ግን አብሮት አይቀንስም። ድሮ በሰረገላ ወደ ምዕራብ የሚጓዙት ሰዎችም ደረቁ ሜዳ ላይ ቀለበቱ እየላላባቸው ሽብልቅ ይመቱበት፣ ማታ ማታ ጎማውን ወንዝ ውስጥ ይነክሩት ነበር። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ደረቅ ከተማ ናት። ክረምት ላይ ማሞቂያው ሌት ተቀን ይነዳል፣ ሙቅ አየር ደግሞ ጣሪያ ስር ነው የሚሰበሰበው። ጎማችሁ የተሰቀለው እዚያው ነው።

በዚያ ላይ ጎማ የተሰራው ከላይ ጭነት ተሸክሞ መሬት ላይ እንዲቆም ነው። እኛ ገልብጠን አንጠልጥለነዋል። ያውም በሶስት ባለ ቀለበት ቪቴ፣ የደረቀ እንጨት ውስጥ ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ በገባ።

ኦሮራ አንዲት እናት ቤት ሄጄ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሌሊት ሌሊት ያቃስታል፤ ፀሎት አስደርጌበታለሁ» አሉኝ። ከስሩ ቁጭ ብለው ቡና እያፈሉ ነበር። «እማማ፣ መጀመሪያ ከስሩ ይነሱልኝ» አልኳቸው። መሰላል ላይ ወጥቼ ጣቴን በብረቱና በእንጨቱ መካከል ሳስገባ እስከ አንጓዬ ገባ። ቀለበቱን ይዞት የነበረው ሶስት ቦታ ላይ የደረቀ ቀለም ብቻ ነው። ስናወርደው ቀለሙ ጠሽ አለ፣ ብረቱም ብቻውን እግሬ አጠገብ ወደቀ። ረከቦቱ የነበረው ልክ እዚያ ነበር። ልጆቻቸው ስጦታ ብለው የገዙላቸው ዕቃ ነው፣ ሻጩ አንድ ቃል አልነገራቸውም።

ሌላው ደንበኛዬ የድሮዎቹን ዘዴ ሰምቶ ጎማውን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሁለት ቀን ነከረው። እንጨቱ ጠጥቶ አበጠ፣ ቀለበቱ ጥብቅ አለ። በደስታ ሰቀለው። የካቲት ላይ ከበፊቱ ብሶ ላላ። ውሃ ለሚጓዝ ጎማ ነው፤ ቤት ውስጥ ለሚሰቀል አይሰራም።

የሚሰራው እንዲህ ነው። ለሁለት ሆናችሁ አውርዱት፣ ብቻችሁን አትሞክሩ። ቀለበቱና እንጨቱ የሚገናኙበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ክፍተቱ ውስጥ ከጠንካራ እንጨት የተላጡ ስስ ሽብልቆችን በእኩል ርቀት አስገቡ፤ አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፣ ፊት ለፊት እያቀያየራችሁ መዶሻውን ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። አንዱን ጎን ብቻ ካጠበቃችሁ ክቡ ይጣመማል። ከዚያ ከስር በኩል አራት ቦታ ትንንሽ ባለማዕዘን ብረት እንጨቱ ላይ እሰሩ፤ ቀለበቱ ቢላላ እንኳ እነሱ ላይ ያርፋል፣ ሰው ላይ አይወድቅም። ብረቱን እራሱን መብሳት ይቀላል፣ ግን የመቶ ዓመት ዕቃ ነው፣ አትብሱት።

ቪቴዎቹን ጣሏቸው። በምትኩ እንጨቱን ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ብሎን፣ ከስሩ ሰፊ ሮንዴላ፣ የማይፈታ ዳዶ። ሰንሰለቱ የሚሸከመው ክብደት የተጻፈበት ይሁን። መብራት ቤት የሚሸጠው ወርቃማ ጌጥ ሰንሰለት ቀለበቶቹ አልተበየዱም፣ በእጅ ፒንሳ ይከፈታሉ። ለመደበኛ ሻንደሊየር ነው የተሰራው።

አሁን መዝኑት። ሚዛን ላይ ራሳችሁ ቁሙ፣ ከዚያ ጎማውን ይዛችሁ ቁሙ፣ ልዩነቱን ያዙ። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ከ50 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 23 ኪሎ ገደማ፣ በላይ የሆነ መብራት ለበለጠ ክብደት ካልተፈቀደ የጣሪያ ሳጥን ላይ እንዳይሰቀል ይከለክላል። ባለ ብረት ቀለበት ትልቅ ጎማ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ሰንሰለቱ ከጣሪያው ወራጅ ጋር በቀጥታ ይታሰር። የኤሌክትሪክ ገመዱን ላላ አድርጋችሁ ተዉት፣ ምንም ክብደት አይሸከም። እኔ ከዚህ ሁሉ በኋላም ከእምብርቱ እስከ ወራጁ አንድ ቀጭን የብረት ገመድ እጨምራለሁ። ሰው ያያል ብዬ አላፍርበትም።

እንጨቱ እንዳይደርቅ የተልባ ዘይት የምትቀቡ ካላችሁ ስለ ጨርቁ ልንገራችሁ። ዘይቱን የጠረጋችሁበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን በራሱ አግሎ ይቀጣጠላል። ክብሪት አይፈልግም። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ በሞላ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ክተቱት። ዘይቱም ድርቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ሽብልቁን አይተካም።

ቀለም ያለበትን ጎማም በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። አሜሪካ የእርሳስ ቀለም ለቤት እንዳይውል የከለከለችው በ1978 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ የናንተ ጎማ ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። አቧራው ለህጻናት መርዝ ነው።

ከስሩ የእንጨት ዱቄት ሲገኝ

ነቀዝ ነው። ጥቁር ወረቀት ከስሩ ዘርግታችሁ አንድ ሳምንት ጠብቁ። አዲስ ዱቄት ካልወረደ የድሮ ቀዳዳ ነው፣ ተዉት። ከወረደ ቦሬት የሚባለውን የነቀዝ መድኃኒት ፈሳሽ ቀቡት፤ ግን ቫርኒሽ ካለበት ፈሳሹ አይገባም፣ መጀመሪያ ቫርኒሹ ይነሳ።