ግራ እጅ አጃቢ አይደለም፦ የአጫጭር የባሮክ ድርሰቶች ችግርና መፍትሄ

ለኪቦርድ ጀማሪ ከሚሰጡ የባሮክ (የ17ኛውና የ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃ) ድርሰቶች ሁለቱን ይዘን እንሂድ። አንደኛው በጀርመናዊው አቀናባሪ በባህ ሚስት በአና ማግዳሌና ባህ የ1725 ደብተር ውስጥ ያለው የሶል ሜጀር ሜኑኤት (በሦስት ምት የሚሄድ የጭፈራ ሙዚቃ) ነው። ሁለተኛው ዮሐን ሴባስቲያን ባህ በ1723 አስተካክሎ ከጻፋቸው 15 ኢንቬንሽኖች (ሁለት እኩል መስመሮች ያሏቸው አጫጭር ድርሰቶች) የመጀመሪያው፣ የዶ ሜጀሩ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሜኑኤቱ በባህ ስም ታትሞ ብታገኙት አትደናገሩ፤ የድሬስደኑ ኦርጋኒስት የክርስቲያን ፔትሶልድ ሥራ መሆኑ ኋላ ነው የታወቀው።) ችግሮቹ ብዙ ቢመስሉም አብዛኞቹ ምንጫቸው አንድ ነው፦ ግራ እጅን እንደ አጃቢ መቁጠር።

ለየብቻ ያምራል፣ ሁለቱ እጆች ሲገናኙ ይበተናል

ኪቦርድን በኮርድ (አንድ ላይ በሚመቱ ኖታዎች) የጀመረ ሰው ላይ ይህ ይበረታል። ቀኙ ዜማውን ይዞ ይሄዳል፣ ግራው የሚያርፍበትን እየፈለገ ይከተላል፤ ቀኙ ሲሳሳት ግራውም አብሮ ይወድቃል። ምክንያቱ የግራው መስመር ጆሮ ውስጥ አለመግባቱ ነው።

የሜኑኤቱን የመጀመሪያ ስድስት ባሮች (ኖታው ላይ በቀጥታ መስመር የተለዩ ክፍሎች) በግራ እጅ ብቻ ተመልከቱ። መጀመሪያ ሶል አለ፣ ሲና ሬ ተደርበውበታል። በሦስተኛው ምት ላ ይመጣል። ከዚያ በየባሩ አንድ አንድ ኖታ ብቻ፦ ሲ፣ ዶ፣ ሲ፣ ላ፣ ሶል። ደረጃ በደረጃ ወጥቶ በዚያው መንገድ የሚወርድ ዜማ ነው! ጀማሪው ግን የመጀመሪያውን ኮርድ በኃይል ይመታና ላን ይውጣታል። ወደ ሲ የምታሻግረው እሷ ነበረች፤ እሷ ስትጠፋ መስመሩ ይበጠሳል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ግራውን እየተጫወታችሁ አብራችሁ ዘምሩት። ቀጥሎ ቀኙን ብቻ ተጫውታችሁ የግራውን በአፋችሁ ዘምሩ። ይህኛው ይከብዳል፤ ግን ያለ እሱ ወደ ሁለት እጅ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። ከዚያ ምት ቆጣሪውን ሜትሮኖም በሩብ ኖታ 60 ላይ አድርጋችሁ ሁለት ባርና የሦስተኛውን ባር የመጀመሪያ ምት ብቻ ተጫወቱ። ያቺ ተጨማሪ ምት አትቅር፤ ተማሪ የሚሰናከለው ባርና ባር በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነውና። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳትሳሳቱ ካለፋችሁ ወደሚቀጥለው ሁለት ባር እለፉ። ፍጥነቱን በአንድ ጊዜ ከ4 በላይ አትጨምሩ።

ሁልጊዜ ሦስተኛው ባር ላይ ይቆማል

አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መሳሳት ብዙውን ጊዜ የጣት ችግር ነው፤ ዛሬ በአንድ ጣት፣ ነገ በሌላ። የጣቶቹን ቁጥር (1 አውራ ጣት፣ 5 ትንሿ ጣት) በእርሳስ ጻፉ። በሜኑኤቱ ለቀኝ እጅ የመጀመሪያው ባር (ሬ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ) 5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ነው። ሁለተኛው (ሬ፣ ሶል፣ ሶል) 5፣ 1፣ 1። ሦስተኛው (ሚ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ) 3፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4። እጁ ቦታ የሚቀይረው በሁለተኛው ባር የመጨረሻ ሶልና በሚ መካከል ነው። ያቺን ሶል አሳጥራችሁ ልቀቋት፣ አውራ ጣት ዶ ላይ እንዲደርስ እጁን አሻግሩ፣ ከዚያ ሚን ምቱ። ሶልን እስከ መጨረሻው የሚይዝ ሰው እጁን ለማሻገር ጊዜ ስለማይተርፈው ይቆማል።

ባህ በ1720 ለልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን በጀመረው ደብተር ውስጥ ቀኝ እጅን 3፣ 4፣ 3፣ 4 እያለ የሚያስወጣ መልመጃ አለ። የዘመኑ አሠራር ስለሆነ የኅትመት ስህተት እንዳይመስላችሁ።

ድምፁ ተደበላልቆ ይሰማል

ድምፁን አስረዝሞ የሚያቆየውን ፔዳል ተዉት። ድርሰቶቹ የተጻፉት የፒያኖ ቀዳሚ ለሆኑት ለሀርፕሲኮርድና ለክላቪኮርድ ነው፤ እነዚያ መሣሪያዎች ይህ ፔዳል የላቸውም። ያለ ፔዳልም ከተደበላለቀ ጣት ቀጣዩ ኖታ ከተመታ በኋላ ሳይነሳ እየቆየ ነው። በሜኑኤቱ ስምንተኛ ኖታዎችን አንዱን ከሌላው አያይዛችሁ ተጫወቱ፣ ሩብ ኖታዎችን ግን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይዛችሁ ልቀቁ። የጭፈራው እርምጃ ወዲያው ይሰማል።

ኪቦርዱ ራሱ ሲያስቸግር

ግራው ሲነካ ከበሮ ከተነሳ ወይም አንዷ ኖታ ኮርድ ከሆነች አውቶማቲክ አጃቢው በርቷል፤ አጥፉት። የሀርፕሲኮርድ ድምፅ መርጣችሁ ጠንክራችሁ ብትመቱም ካልጎላ ኪቦርዱ አልተበላሸም፤ ሀርፕሲኮርድ ክሩን ስቦ የሚለቅ መሣሪያ ስለሆነ የጣት ኃይል ድምፁን እምብዛም አይለውጠውም። 61 ቁልፍ ለሁለቱም ድርሰቶች ይበቃል።

ጌጡ ምቱን ያፈርሳል

ጌጥ ማለት ኖታው ላይ የሚጨመር አጭር ማስዋቢያ ነው፤ በቅድሚያ ምልክቱን ለዩ። ሞገድ መስመሩ በመሃሉ ቀጥ ያለ ጭረት ካለው ሞርደንት ነው፦ ዋናው ኖታ፣ ከሥሩ ያለው፣ ተመልሶ ዋናው። ጭረት ከሌለው ትሪል (ሁለት ጎረቤት ኖታዎችን በፍጥነት ማፈራረቅ) ነው፤ በባህ የጌጥ ሠንጠረዥ መሠረት ከላይኛው ኖታ ይጀምራል። ሁለቱም ምቱ ላይ እንጂ ከምቱ በፊት አይጀምሩም። ግራ እጅ ቆሞ የሚጠብቀው ቀድመው ሲጀመሩ ነው።

በኢንቬንሽኑ የመጀመሪያ ባር አራተኛ ምት ላይ ያለውን ሞርደንት እዩ፦ ሲ፣ ላ፣ ሲ። የመጀመሪያዋ ሲ ከግራ እጅ ፋ ጋር እኩል መውደቅ አለባት። መጀመሪያ ያለ ጌጥ ሲና ፋን ብቻ አንድ ላይ ደጋግማችሁ ምቱ። እኩል መውደቃቸው ሲረጋገጥ ላንና ሁለተኛዋን ሲ ጨምሩ። ካልሆነ ጌጡን ለጊዜው ተዉት፤ ምት ከጎደለው ጌጥ የሌለው ይሻላል።

ኢንቬንሽኑ ውስጥ ግራው አይሰማም

ጭብጡ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሬ፣ ሚ፣ ዶ፣ ሶል ነው። ቀኙ ጀምሮ ሶል ላይ ሲደርስ፣ ማለትም ከሁለት ምት በኋላ፣ ግራው ያንኑ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለ ርቀት) ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ቀኙ ግን ድምፁን ሳይቀንስ ስለሚቀጥል የግራው መልስ ሳይሰማ ያልፋል። ከሦስተኛው ባር ደግሞ ጭብጡ በቀኝ እጅ ተገልብጦ ስለሚወርድ ጆሮ ይጠፋበታል።

ኖታው ላይ ጭብጡ የሚጀምርበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ክበቡ፤ 22 ባር ስለሆነ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ የተከበበውን ብቻ ተጫወቱ፣ ሌላውን ዝም በሉ። ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባሮች እጅ ቀይራችሁ ሞክሩ፦ የላይኛውን መስመር ግራ እጅ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ፣ የታችኛውን ቀኝ እጅ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ይጫወት። አስተማሪ ወይም ጓደኛ ካለ አንዱን መስመር እሱ ይያዝ፤ እናንተ ግራውን ብቻ ተጫውታችሁ እየመለሳችሁለት መሆኑን ስሙ።