ስኳሩ በስንት ዓመት ጀመረ? የቤተሰብ የዕድሜ ሠንጠረዥ አዘገጃጀት

«ስኳር ዘራችን ውስጥ አለ» ማለት ብቻውን ለሐኪም ብዙ አይነግረውም። የድሬዳዋው ድል ጮራም ሆነ የሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ካርድ አውጥተው ሲገቡ፣ የሚጠቅመው እያንዳንዱ ዘመድ በስንት ዓመቱ እንደጀመረው ማወቅ ነው። አባት በ58፣ ልጅ በ49 ከተገኘባቸው የተለመደው ዓይነት 2 ይሆናል። አያት በ30፣ እናት በ24፣ ልጅ በ17 ከሆነ ግን ሌላ ነገር መጠርጠር አለበት።

ወረቀቱን አግድም ይዘው ከላይ አያቶችን፣ መሀል ወላጆችን ከአጎትና ከአክስት ጋር፣ ከታች ራስዎንና እህት ወንድሞችዎን ያስፍሩ። ወንዱን በሣጥን፣ ሴቷን በክብ፤ ስኳር ያለበትን ያጥቁሩት። የእናትንና የአባትን ወገን አይቀላቅሉ። ባልና ሚስቱ የሥጋ ዘመድ ከሆኑ በድርብ መስመር ያገናኟቸው፤ አንዳንድ ብርቅ የስኳር ዓይነቶች የሚወጡት ጂኑ ከሁለቱም ወገን ሲወረስ ነው። ጤነኞቹንም ከነዕድሜያቸው ይጻፉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፣ ግን በ60 ዓመቱ ከስኳር ነፃ የሆነ አጎት ትልቅ መረጃ ነው።

አዛውንት ዓመተ ምሕረቱን ካላስታወሱ በሚያውቁት ነገር ያስሉት፦ «ደርግ ሳይወድቅ ነው ከወደቀ በኋላ?»፣ «በ1998 የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ኪኒኑን ጀምረሽ ነበር?» የሁለት ሦስት ዓመት ስሕተት አይጎዳም፤ ዋናው 22ን ከ42 መለየት ነው።

ትልቁ ስሕተት የሚገባው የተገኘበትንና የጀመረበትን ዕድሜ አንድ አድርጎ ከመጻፍ ነው። ዓይነት 2 ሳይታወቅ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የውሃ ጥም በሙቀት፣ የአፍ መድረቅ በጫት ይሳበባል። ስለዚህ ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት ይነሡ እንደነበርና ያለምክንያት ከስተው እንደሆነ ይጠይቁ። በእርግዝና ክትትል፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ወይም ዓይን ሲታይ በአጋጣሚ ከተገኘም ይጻፉት፤ በምርመራው ቀን ዓይኑ በስኳር ተጎድቶ ከነበረ በሽታው ቀድሞ ገብቷል። ከስሙ ጎን ሲጀምረው ቀጭን ወይም ወፍራም መሆኑን፣ በኪኒን ወይስ በኢንሱሊን እንደጀመረ ያክሉ።

አሁን ሠንጠረዡን ያንብቡ። ሕፃን ከተወለደ 6 ወር ሳይሞላው ስኳር ከተገኘበት ምክንያቱ በአብዛኛው የአንድ ጂን ለውጥ ነው። ልጁ ዛሬ ትልቅ ቢሆንም ለሐኪም ይነገር፤ ከእነዚህ ልጆች ከፊሎቹ በሐኪም ክትትል ከኢንሱሊን ወደ ግሊቤንክላማይድ ኪኒን መዛወር ይችላሉ።

ከ25 ዓመት በፊት የሚጀምር፣ በተከታታይ ትውልድ የሚታይና ያለ ኢንሱሊን የሚኖሩበት ከሆነ «ሞዲ» የሚባለው፣ በአንድ ጂን ለውጥ የሚመጣው የስኳር ዓይነት ይጠረጠራል። እዚህ እያንዳንዱ ልጅ ጂኑን የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ኤችኤንኤፍ1ኤ የተባለው ጂን ሲለወጥ ስኳሩ በልጅነት ደህና ሆኖ ከጉርምስና ጀምሮ ይወጣል። እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳሩ ከነበረባት ልጁ ላይ ቀድሞ ይታያል፣ ስለዚህ ይህንንም ይመዝግቡ። ይህ ስኳር ለግሊቤንክላማይድ ዓይነት ኪኒን በትንሽ መጠን ጥሩ ምላሽ ይሰጣል፤ በሙሉ መጠን ከተጀመረ ግን ስኳሩን ከልክ በላይ ይጥለዋል። ጂሲኬ የተባለው ሌላ ጂን የተለወጠበት ሰው ከልደት ጀምሮ የጾም ስኳሩ ከ100 እስከ 145 ገደማ ሆኖ ይኖራል፤ ከእርግዝና በቀር መድኃኒት ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም።

ድንገት የሚጀምር፣ ከስቶ ኬቶን (ሰውነት ኢንሱሊን አጥቶ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ አሲድ) የሚያወጣ ወጣት ዓይነት 1 ሊሆን ይችላል፤ በአብዛኛው በቤተሰቡ ውስጥ ሌላ ታማሚ የለም። ከ40 በኋላ በሚመጣው ዓይነት 2 ብዙ ጂኖች ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. የታወቀው ቲሲኤፍ7ኤል2 የተባለ ጂን ከተለመዱት ጠንካራው ሆኖ አንዱ ቅጂ ዕድሉን በ40 በመቶ ገደማ ብቻ ይጨምራል። የሚጀምርበትን ዕድሜ ክብደትና እንቅስቃሴ የሚገፉት ለዚህ ነው። በልጅነቱ ምግብ ያጠረው ቀጭን ወጣት ደግሞ በዚህ ሠንጠረዥ አይፈታም፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. «ዓይነት 5» ብሎ ለይቶታል።

የጾም ስኳር ምርመራው ለ8 ሰዓታት ያህል ከጾሙ በኋላ ነው፤ ማታ ጫት ላይ የሚጠጣው ጣፋጭ ሻይና ለስላሳም ከዚያ በፊት ይቁም። በሁለት የተለያዩ ቀናት 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ መስፈርቱ 6.5 በመቶ ሲሆን፣ ወባ ከያዘዎት ብዙም ካልቆየ ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ፣ የብረት እጥረት ካለብዎት ከፍ ያለ ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል ለላቦራቶሪው ይናገሩ። ሞዲ በተጠረጠረበት ቤት ልጆች ከ10 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ይታዩ። ወላጁ ዓይነት 2 ያለበት ሰው ከ35 ዓመቱ፣ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በፊት ይመርመር።

ሠንጠረዡ ሞዲ ቢመስልም ኢንሱሊን በራስዎ እንዳያቆሙ። ሐኪሙን ሲ-ፔፕታይድ (ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን እያመረተ መሆኑን የሚያሳይ) እና የፀረ-አካል (ዓይነት 1ን የሚለይ) ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁት። ዓይነት 1 ሆኖ ከተገኘ ኢንሱሊን ያቆመ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ኬቶን ተጠራቅሞበት ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።