ዕድል ነው ወይስ ብቃት? የቤዝቦል ደጋፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሜጀር ሊግ ቤዝቦል አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር ብቻ 162 ጊዜ ይጫወታል። የፕሪሚየር ሊግን 38 ጨዋታ ለለመደ ሰው ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ «ይህን ያህል ከተጫወቱማ ዕድል የሚባል ነገር ምን ቦታ አለው?» ያሰኛል። ቦታማ አለው። ግማሹን፣ ማለትም 81 ጨዋታ የማሸነፍ አቅም ያለው ቡድን በአጋጣሚ ብቻ ከ75 እስከ 87 ድል መካከል የትም ቢጨርስ አይገርምም። 75 ላይ የቆመው ክለብ አሰልጣኝ ያባርራል፤ 87 የደረሰው የፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚመጣው የዋንጫ ፍልሚያ) ደጃፍ ላይ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ግን በአቅም እኩል ሊሆኑ ይችላሉ።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያለን ሀበሾች የዋሽንግተኑን ናሽናልስንም የባልቲሞሩን ኦሪዮልስንም ቅርብ ሆነን እናያለን። ክርክራችን ግን ከእግር ኳስ የወረስነው ነው፦ ቡድናችን ሲያሸንፍ ወኔ፣ ሲሸነፍ የቀን ጉዳይ። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልዘርዝር።

የደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ ማንበብ

የ2012 ኦሪዮልስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) 93 አሸንፎ 69 ተሸነፈ። 14 ዓመት በተከታታይ ከድሉ ሽንፈቱ ሲበልጥበት ለኖረ ክለብ ይህ ትንሳኤ ነበር። በዚያ ዓመት ያስቆጠረው ነጥብ ግን 712፣ የተቆጠረበት 705 ነው። ከስድስት ወር ጨዋታ በኋላ ልዩነቱ ሰባት ነጥብ!

ቢል ጄምስ የተባለው ተንታኝ ያወጣት ቀላል ቀመር እዚህ ላይ ትጠቅማለች። ቡድኑ ያስቆጠረውን ነጥብ በራሱ አባዙት፤ የተቆጠረበትንም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር አካፍሉና ውጤቱን በ162 አባዙ። ለዚያ ኦሪዮልስ የሚወጣው 82 ድል ነው። የቀረው 11 ድል ከየት መጣ? በአንድ ነጥብ ልዩነት ካለቁ ጨዋታዎች 29 አሸንፎ የተሸነፈው 9 ብቻ ነው። ከመደበኛው ዘጠኝ ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድን ተራ በተራ የሚመታበት ዙር) አልፈው በተጨማሪ ኢኒንግ ካለቁት ደግሞ 16 አሸንፎ 2 ተሸነፈ። በሰፊው ሲሸነፍ ከረመ፣ በጠባቡ ሲያሸንፍ ከረመ።

የሚቀጥለው ዓመት ይበልጥ ያስተምራል። በ2013 ኦሪዮልስ 745 አስቆጥሮ 709 ተቆጠረበት፤ ማለትም ከአምናው የተሻለ ቡድን ነበር። ያሸነፈው ግን 85 ብቻ ነው። በአንድ ነጥብ ካለቁት 20 አሸንፎ 31 ተሸነፈ። ቀመሩን ብትሠሩት ለዚያ ዓመት የሚሰጣችሁ 85ን ራሱን ነው። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ደጋፊ «ወረዱ» ብሎ አዘነ፤ በ2014 ያው ክለብ 96 አሸንፎ ምድቡን ሲመራ ደግሞ ከየት መጣ ብሎ ተገረመ።

በአንድ ነጥብ ማሸነፍን የወኔ ማስረጃ ማድረግ

«ይሄ ቡድን ጨዋታ መዝጋት ያውቅበታል» የምትለውን አባባል በጥርጣሬ ስሟት። የኦሪዮልሱ ወርዋሪ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው) ጂም ጆንሰን በ2012 ዓመት 51 ጨዋታ ዘጋ፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ገብቶ ጠባብ መሪነትን ጠብቆ ጨረሰ፤ ሰዉ ነርቭ የለውም አለለት። በ2013 50 ዘጋ፤ ሊዘጋ ገብቶ ያበላሸው ግን ዘጠኝ ደረሰ። ሰውየው ያው ነው፣ ሥራውም ያው ነው። ወኔ በክረምት የሚተን ነገር ካልሆነ በቀር ይህን በወኔ መግለጽ ያስቸግራል።

የ2016ቱን ቴክሳስ ሬንጀርስ ውሰዱ። በአንድ ነጥብ ካለቁ ጨዋታዎች 36 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። በጠቅላላው 95 ድል። ያስቆጠረው 765፣ የተቆጠረበት 757። በፕሌይኦፍ ቶሮንቶ በሦስት ተከታታይ ጨዋታ አሰናበተው፤ በቀጣዩ ዓመት 78 አሸንፎ 84 ተሸነፈ።

ቀመሩ ያልገለጸውን ሁሉ «ዕድል» ብሎ መዝጋት

ይህ ደግሞ ቁጥር የቀመሱ ደጋፊዎች በሽታ ነው፤ ከመጀመሪያው የባሰ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የዕውቀት ልብስ ለብሶ ይመጣል። ቀመሩ ነጥቦቹ መቼ እንደተቆጠሩ አያውቅም። አሰልጣኝ ጨዋታው በስምንት ነጥብ ካመለጠው ጥሩ ወርዋሪውን ለነገ ያሳርፍና ደካማውን ያስገባል፤ አንዳንዴም የሜዳ ተጫዋች ወርውሮ እንዲጨርስ ይደረጋል። እዚያ የሚቆጠሩት አምስትና ስድስት ነጥቦች የቡድኑን ሒሳብ ያበላሻሉ፣ አቅሙን ግን አያሳዩም። በተቃራኒው ጠንካራ ተቀያሪ ወርዋሪዎች ያሉት ቡድን ጠባብ መሪነትን ከሌላው በተሻለ ሊጠብቅ ይችላል። ይህ ዕድል አይደለም፤ 29 ለ 9 የሚያደርስ ግን አይደለም።

ሲያትል ማሪነርስ ሁለቱንም ገጽታ አሳይቶናል። በ2018 ከተቆጠረበት በ34 ነጥብ ያነሰ አስቆጥሮ 89 አሸነፈ። በ2021 ልዩነቱ 51 ሲጎድልበት 90 አሸነፈ። ሁለቱም ዓመት «በለስ ቀንቷቸው ነው» ተባለ። ከ2018 በኋላ 68 ድል ላይ ወረደ፤ ከ2021 በኋላ ግን ድጋሚ 90 አሸንፎ ከ2001 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ ገባ፣ ያውም ካስቆጠረው ያነሰ ተቆጥሮበት። ለምን ተለያዩ? ከ2018 በኋላ ክለቡ ራሱ ሮቢንሰን ካኖን፣ ኤድዊን ዲያዝንና ጄምስ ፓክስተንን ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቶ ቡድኑን አፈረሰው። ከ2021 በኋላ ግን ወጣቶቹን ይዞ ገነባ። «ዕድላቸው አለቀ» ከማለት በፊት ክረምቱን ማን ሄደ፣ ማን መጣ የሚለውን ማየት ይሻላል።

ዕድል ዕዳዋን ትከፍላለች ብሎ መጠበቅ

የ2023 ሳንዲያጎ ፓድሬስ ከተቆጠረበት በ104 ነጥብ አብልጦ አስቆጠረ። ቀመሩ 93 ድል ይሰጠዋል። ያሸነፈው 82 ነው፤ በአንድ ነጥብ ካለቁት 9 አሸንፎ 23 ተሸነፈ። ደጋፊው ከሐምሌ ጀምሮ «አሁን ደግሞ ተራው የእኛ ነው» እያለ ከረመ። ተራ የሚባል ነገር የለም። ሳንቲም አምስት ጊዜ ጎፈር ስለወጣ ስድስተኛው ላይ ሰው የመውጣት ግዴታ የለበትም። ዕድል የጎደለበት ቡድን ከዚያ ወዲያ በአቅሙ ልክ ይጫወታል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ካሳ ይከፈለዋል ብሎ መጠበቅ ግን አይደለም። ዕድል የቀናው ቡድንም ያገኛቸውን ድሎች አይመልስም፣ በኪሱ ናቸው። በነሐሴ ወር የ10 ድል ትርፍ ይዞ የሚመራን ቡድን «ይወድቃል» ብሎ መተንበይ የሚያስቀው ለዚህ ነው።

ወርዋሪን በተቆጠረበት ነጥብ ብቻ መፍረድ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ቮሮስ ማክራከን የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት እንዳሳየው፣ አንዴ ኳሱ ተመትቶ ሜዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ወርዋሪው ያለው ሥልጣን ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው። ሜዳ ውስጥ ከተመቱ አሥር ኳሶች ሦስት ያህሉ ለመቺው ይሠሩለታል፣ ማለትም በሰላም ቤዝ (ሯጩ ሊደርስበት የሚገባው የሜዳው ጣቢያ) ላይ ያደርሱታል። በዓመት 400 ኳስ ሜዳ ውስጥ የተመታበት ወርዋሪ ከዚያ 120 ያህሉ ይሠሩበታል ተብሎ ሲጠበቅ፣ 111 ወይም 129 ቢሆን በአጋጣሚ ብቻ ሊደርስ የሚችል ነው። የእነዚያ 18 ምቶች ልዩነት ጋዜጣ ላይ «ተመለሰ» ወይም «አለቀለት» ያስብላል። ስንቱን በሦስት ስትራይክ (መቺው የሳታት ወይም ያሳለፋት ትክክለኛ ውርወራ) እንዳስወጣ፣ ለስንቱ በመጥፎ ውርወራ በነጻ ቤዝ እንደሰጠና ስንት ሆም ረን (አጥር ተሻግሮ የሚወጣ ምት) እንደተመታበት አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ከኋላው የቆሙት ልጆች ኳስ የማያመልጣቸው ከሆኑ ያንንም ጨምሩበት።

በሃምሳ ጨዋታ መቁረጥ

ናሽናልስ በ2019 የመጀመሪያዎቹን 50 ጨዋታዎች 19 አሸንፎ 31 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ 74 አሸንፎ 38 ተሸነፈና ዋንጫውን በላ። ታሪኩ «ትዕግሥት ይኑራችሁ» ተብሎ ይተረካል፤ ግማሹ እውነት ነው። 93 የሚያሸንፍ ቡድን በ50 ጨዋታ 29 ያህል ሊያሸንፍ ይገባል፤ 19 ላይ መውረድ በአጋጣሚ ብቻ ለመግለጽ ይከብዳል። እውነተኛ ችግር ነበር፦ ትሬ ተርነር ጣቱ ተሰብሮ ወጥቶ ነበር፣ ተቀያሪ ወርዋሪዎቹም መሪነት በያዙ ቁጥር ያስረክቡ ነበር። ክለቡ ይህን በዕድል አላመካኘም፤ በሐምሌ መጨረሻ ዳንኤል ሃድሰንን አመጣ። የወርልድ ሲሪሱን (የዋንጫውን ፍጻሜ) የመጨረሻ መቺ ያስወጣው እሱ ነው።

ሻምፒዮኑን የዓመቱ ምርጥ ቡድን ማድረግ

በ2001 ሲያትል 116 አሸንፎ ወርልድ ሲሪስ ሳይደርስ ቀረ። በ2006 ሴንት ሉዊስ 83 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። የአምስትና የሰባት ጨዋታ ፍልሚያ ይህን ያደርጋል። የ2019 ወርልድ ሲሪስ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው፤ ናሽናልስም ሂውስተንም አንድም ጊዜ በሜዳቸው አላሸነፉም። ለዚህ ምክንያት እፈልጋለሁ የሚል ይፈልግ፤ እኔ ደክሞኛል።

ክፉውን ዕድል ብቻ መቁጠር

የናሽናልስ ደጋፊ 2012ን አይረሳም። በፕሌይኦፍ ከሴንት ሉዊስ ጋር አምስተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ፣ 6 ለ 0 መምራት፣ ከዚያ በዘጠነኛው ኢኒንግ 7 ለ 5 እየመሩ አንድ ስትራይክ ሲቀር ወርዋሪው ድሩ ስቶረን ለሴንት ሉዊሶቹ ለሞሊናም ለፍሪስም ቤዝ በነጻ ሰጠ፤ ሴንት ሉዊስ አራት አስቆጥሮ አለቀ። ዛሬም «ያቺ ኳስ ስትራይክ ነበረች» የሚል አይጠፋም።

ኦክቶበር 1 ቀን 2019ን፣ ናሽናልስ ከሚልዋኪ ጋር ያደረገውን የአንድ ጨዋታ ፕሌይኦፍ ግን ቀስ ብላችሁ ተመልከቱት። ስምንተኛው ኢኒንግ ነው፤ ሚልዋኪ 3 ለ 1 ይመራል፤ የሚወረውረው ጆሽ ሄደር ነው። የናሽናልሱ ማይክል ቴይለር ኳስ ነካው ተብሎ ቤዝ ተሰጠው፤ በቪዲዮ ሲታይ ያከራክራል። ራያን ዚመርማን ዱላው ተሰብሮ ኳሷ ተንጠልጥላ ክፍት ቦታ ወደቀች። አንቶኒ ሬንዶን በትዕግሥቱ ቤዝ ወሰደ። ከዚያ የ20 ዓመቱ ሁዋን ሶቶ መታ፤ ይህ ንጹሕ ብቃት ነው፣ ሁለት ነጥብ አስገብቶ አቻ ያደርጋል። ሦስተኛዋን፣ ማለትም የማሸነፊያዋን ነጥብ የሰጠችው ግን በቀኝ ሜዳ የቆመውን የሚልዋኪውን ትሬንት ግሪሻምን አልፋ የሄደችው ያችው ኳስ ናት።

ያንን ኢኒንግ «ዕድል» ያለ የዋሽንግተን ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሚልዋኪ ሄዶ የጠየቀ ካለ መልሱን ይንገረን።