ፒራንሃን ባሕር ዳር ላይ ማሳደግ፦ ምን ይበላል? ጤናውስ እንዴት ይጠበቃል?

ቤት ውስጥ ያለ ፒራንሃ በረሃብ ሲሞት እምብዛም አይታይም። የሚጎዳው ጥጋብ ነው። ከበላው የተረፈው ይበሰብሳል፣ ውሃው ይመረዛል፣ ዓሣው ይታመማል። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ ከሁለት ነገር አይወጣም፦ ትንሽ ምግብ፣ ብዙ ንጹሕ ውሃ።

የማወራው ስለ ቀይ ሆዱ ፒራንሃ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞንና የፓራና ወንዞች አካባቢ ነው። ሲያድግ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በደንብ ከተያዘ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ጨካኝ ነው ይባላል እንጂ በጣም ፈሪ ዓሣ ነው። በመንጋ የሚሄደውም በአብዛኛው እሱን የሚበሉትን ስለሚፈራ ነው። ሰው ድንገት ሲጠጋው ጥግ ይይዛል። ለመግዛት ካሰባችሁ ደግሞ ሕያው ዓሣ ከውጭ ማስገባት ፈቃድ እንደሚጠይቅ እወቁ፤ ሻጩን ወረቀቱን ጠይቁት።

መጀመሪያ ውሃውን አዘጋጁ

ለ4 ወይም ለ5 ዓሣ 500 ሊትር ገደማ የሚይዝ አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ገንዳ) ያስፈልጋል። ፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) አስነሥታችሁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቁ። በዚህ ጊዜ ፊልተሩ ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያ ይራባል። የዓሣው ኩስና የምግብ ትራፊ አሞኒያ ይሆናል፤ ባክቴሪያው አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይቀይረዋል። ባክቴሪያው የሚራባው ግን የሚበላው ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ባዶው ውሃ ውስጥ በየሁለት ቀኑ ቁራጭ የዓሣ ሥጋ ጣሉበት። የውሃ መመርመሪያ ካገኛችሁ ግዙ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ አታስገቡ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። በሰፊ ባልዲ ወይም በርሜል ቀድታችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት አሳድሩት። ሮቶ ውስጥ የከረመ ውሃም ቢሆን የክሎሪን ሽታ ካለው አሳድሩት። «ሐይቁ ደጃፌ ነው» ብላችሁ ከጣና አትቅዱ። ጥገኛ ተውሳክ ይዛችሁ ትገባላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ የባሰ ይቀንሳል። ስለዚህ የውጭ መመሪያ «ካስፈለገ» የሚለው የአየር ፓምፕ እዚህ ግዴታ ነው። ማሞቂያም አይቀርም። ቀን ሞቃት ቢሆንም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ፒራንሃ ደግሞ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። ማሞቂያውን መከለያ አድርጉለት፤ ሽቦ ይነክሳሉና።

ምግቡ

እዚህ ላይ ባሕር ዳር የታደለች ናት። ከሐይቁ ዳር ትኩስ ቀረሶ ይገኛል፤ ለፒራንሃ ጥሩ ምግብ ነው። ፊሌቶውን ከነቆዳው ግዙ። ነገር ግን ከታንኳ እንደወረደ አትስጡ። የጣና ዓሣዎች ውስጥ ጥገኛ ትላትል አሉ፤ በተለይ ትንንሾቹ ዓሣዎች ሆድ ውስጥ ረጅም ነጭ የኮሶ ትል ዘመድ ይገኛል። መፍትሔው ፍሪዘር ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚይዝ ከሆነ 7 ቀን ይበቃል። ከመቀዝቀዙ በፊት በየአንድ ጊዜው መጠን ቆራርጡትና በትንንሽ ፌስታል ለዩት። በዐቢይ ጾም የዓሣ ዋጋ ስለሚወደድ ከጾሙ በፊት ማከማቸቱ ያዋጣል።

ልኩስ? ለአንድ አዋቂ ዓሣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ቁራጭ ትበቃለች። አዋቂውን በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ አብሉት። ከ8 ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑት ግልገሎች ግን በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ጥቂት ጥቂት ይፈልጋሉ። ሲራቡ እርስ በርስ ጅራት ይቆራረጣሉ። ቁራጩን በረዶው ከለቀቀ በኋላ አንድ በአንድ ጣሉ። መጀመሪያ ማንም አይነካውም። ከዚያ አንዱ በጎን መጥቶ ይቦጭቅና ዞሮ ይሸሻል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ሆዳቸው ትንሽ ሞላ ሲል አቁሙ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቀረ ነገር ካለ በመረብ አውጡ። ይህችን አንድ ነገር ካላጎደላችሁ ግማሹን በሽታ ከወዲሁ ተከላከላችሁ።

ለመቀያየር በክረምት ከጓሮ የሚወጣ የመሬት ትል ግሩም ነው፤ ፀረ ተባይ ከሚረጭበት ማሳ ግን አትልቀሙ። ፒራንሃ በተፈጥሮው ፍሬና ቅጠልም ይቀምሳል። ተቀቅሎ የተላጠ አተር አልፎ አልፎ ሞክሩ። እምቢ ካለ አታስገድዱት።

የበሬ ሥጋ አትስጡ። ቁርጥ ቤት ደጅ ላይ ስለሆነ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። የከብት ስብ ግን ለዓሣ አይፈጭለትም፤ ጉበቱን ይጎዳል፣ ውሃውንም ቅባታም ያደርገዋል። ለመዝናናት ብሎ ሕያው ዓሣ መጣልም አይረባም። በሽታ ማስገቢያ በር ነው።

ጽዳት

በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን ቀይሩ። አዲሱ ውሃ ሙቀቱ የተቀራረበ ይሁን። የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል። ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ አለቅልቁት። እጃችሁን ስትከቱ ዓሣዎቹ የት እንዳሉ እያያችሁ ይሁን። ጣታችሁ ቆስሎ ከሆነ እጃችሁን አትክተቱ። ልጆች ካሉ ክዳኑ ይቆለፍ።

የተቀዳውን ውሃ ለጓሮ ማንጎ ወይም ለአበባ አጠጡት፤ ማዳበሪያ ነው። ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ በሚወርድ ቦይ ግን አትድፉ። ዓሣው ቢሰለቻችሁ፣ ቢያድግባችሁ፣ ቤት ብትለቁ፣ በምንም ምክንያት ጣና ውስጥ አትልቀቁት። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከጠፉ የሚመጡበት ሌላ ቦታ የለም። እንቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ ሐይቁ ያየውን እናውቃለን፤ ስንት ሰው ደረቱ ድረስ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ለሚያሳድግ ሰው ስጡት፤ ካልተገኘ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

ሲታመም

በየቀኑ አንድ ደቂቃ ጉንጩን እዩ። ጤነኛ ፒራንሃ በእርጋታ ይተነፍሳል። ጉንጩ ቶሎ ቶሎ ከተከፈተና ወደ ውሃው ወለል ወጥቶ ካለከለከ፣ ወይ ኦክስጅን አንሷል ወይ አሞኒያ በዝቷል። ምግብ አቁሙ፣ አየሩን ጨምሩ፣ ባደረ ውሃ ግማሹን ቀይሩ። መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ይህን አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ አይፈልግም።

ገላው ላይ ጨው የተነሰነሰበት ከመሰለና ከድንጋይ ጋር ከተፋተገ ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ነው። ሙቀቱን በየጥቂት ሰዓቱ 1 ዲግሪ እየጨመራችሁ 30 አድርሱ። በሊትር 1 ግራም ጨው በውሃ አሟሙታችሁ በሁለት ቀን ከፋፍላችሁ ጨምሩ፤ ለ500 ሊትር ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ነጠብጣቡ ከጠፋ በኋላም አታቋርጡ፤ በጠቅላላው ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆይ። ማላካይት ግሪን ያለበት መድኃኒት ከተጠቀማችሁ በግማሽ መጠን ይሁን፤ የፒራንሃ ወገን አይችለውም።

የተነከሰ ክንፍ ውሃው ንጹሕ ከሆነ ራሱ ይበቅላል። ቁስሉ ላይ ነጭ ፀጉር መሳይ ነገር ከወጣ ፈንገስ ነው፤ ለብቻ አውጡና አክሙት። ለማውጣት ጠንካራ ሳህን ወይም ባልዲ ይሻላል፤ መረቡን በጥርሱ ይበጥሰዋል። እየበላ የሚከሳ ከሆነ የሆድ ትል ጠርጥሩ። ባሕር ዳር ዓሣ የሚያጠኑ ሰዎች ያሉባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው የዓሣ ትምህርት ክፍል አለው፣ የዓሣ ምርምር ማዕከልም አለ። ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም።

መብራት ሲጠፋ

በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስቀምጡ። መብራት እስኪመጣ አታብሉ። ሌሊት ከሆነ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ከላይ አየር ማስገቢያ ተዉ። ለብዙ ሰዓት ከቆየ ፊልተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ውስጡ የቆየውን ውሃ ድፉት። ተበላሽቶ ይሆናል።

ለጥምቀት ጎንደር ብትሄዱ ጎረቤት እንዲያበላላችሁ አትለምኑ። አዋቂ ፒራንሃ ሳምንት ሳይበላ ምንም አይሆንም፤ ጎረቤት ግን አዝኖለት ግማሽ ኪሎ ፊሌቶ ይጥልበታል። ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ቀን ውሃውን ቀይሩ፣ ቁልፉን ስጡ፣ ማሞቂያው መሥራቱንና ፊልተሩ መዞሩን ብቻ እንዲያይላችሁ ንገሩት።