ጥቁር አሻንጉሊቶችን ሲሰበስቡ ምን መመልከት ይገባል?

ጥቁር አሻንጉሊቶችን ለመሰብሰብ የተነሣ ሰው ከአሻንጉሊቱ ሣጥንና ልብስ አስቀድሞ ፊቱን ይመርምር። ፊቱ ጥቁር ሰው ታስቦ የተቀረጸ ነው ወይስ ለነጭ አሻንጉሊት በተሠራ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ቡናማ ቪኒል (የፕላስቲክ ዓይነት) ፈስሶ የወጣ ነው? ቀለም ዓይንን ስለሚያታልል፣ አሻንጉሊቱን ከነጭ አቻው አጠገብ አስቀምጦ ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ እንዲያርፍባቸው በማድረግ የአፍንጫውን፣ የከንፈሩንና የጉንጩን ቅርጽ በጎን በኩል ማነጻጸር ይበጃል። የባርቢ አምራች የሆነው የአሜሪካ ኩባንያ ማቴል እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ ያቀረባት ጥቁር ፍራንሲ (ፍራንሲ የባርቢ የአክስት ልጅ ተብላ የተሠራች አሻንጉሊት ናት) በዚህ ፈተና ትወድቃለች፤ ፊቷ የነጯ ፍራንሲ ፊት ነውና። እ.ኤ.አ. በ1968 በሎስ አንጀለስ የተመሠረተው፣ ጥቁሮች ይመሩት የነበረው የአሻንጉሊት ኩባንያ ሺንዳና ያወጣት ቤቢ ናንሲ ግን የጥቁር ሕፃን መልክ እንዲኖራት ታስባ የተቀረጸች ናት። ይህ ማለት ፍራንሲ አትፈለግም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይሿታል። ሆኖም ገዢው የዘመኑን ቸልተኝነት የምታሳይ ማስረጃ እየገዛ መሆኑን ይወቅ።

ለፊት ይህን ያህል ትኩረት መስጠት የተጋነነ የሚመስለው ሰው ካለ፣ አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኬኔትና ሜሚ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያካሄዱትን ጥናት ያስታውስ። ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ አሻንጉሊቶች ሲቀርቡላቸው ከጥቁር ሕፃናት አብዛኞቹ ነጩን መርጠዋል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1954 በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ባደረገው ውሳኔ ጥናቱን ጠቅሶታል።

በአሻንጉሊቱ ገላ ላይ የታተመው ዓመት አያሳስት። ብዙውን ጊዜ ቅርጹ በባለቤትነት የተመዘገበበትን ዘመን እንጂ አሻንጉሊቱ የተሠራበትን አያመለክትም፤ 1966 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው በርካታ ባርቢዎች ከዚያ ዓመት እጅግ ዘግይተው የተመረቱ ናቸው። የጥንቶቹ ጥቁር ፍራንሲና የባርቢ ጥቁር ጓደኛ የሆነችው ክሪስቲ ፀጉርም በጊዜ ብዛት ወደ ቀይ ስለሚለወጥ ቀይነቱ ለሐሰተኛነት ምልክት አይሆንም፤ ቀለም መቀባትም ዋጋቸውን ይቀንሳል እንጂ አይጠቅማቸውም።

አቀማመጡ ቀላል ነው፦ ከፀሐይና ከሙቀት ማራቅ፣ በላስቲክ ከረጢት ፈንታ አሲድ በሌለው ወረቀት መጠቅለል፣ ጆሮን አረንጓዴ የሚያደርጉ የብረት ጉትቻዎችንም አውልቆ ለብቻ ማስቀመጥ።

በጥቁሮች ላይ ለማላገጥ የተሠሩ ጥንታዊ አሻንጉሊቶች ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በእኔ አስተያየት መጣል የለባቸውም፤ ነገር ግን መቼ፣ በማንና ለምን ዓላማ እንደተሠሩ የሚገልጽ ጽሑፍ ሳይያያዝባቸው ለእይታ መቅረብ፣ ለልጅ መጫወቻነትም መሰጠት የለባቸውም።