ጥሩ ምርምር ይዘው ፋይላቸው የሚበላሽባቸው ሰዎች

የዩኒቨርሲቲ መምህራንን የማዕረግ ዕድገት ፋይል ስመረምር ዘወትር የሚያንገበግበኝ የስም ጉዳይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ጆርናሎቹ (የምርምር መጽሔቶቹ) ግን መጨረሻ ላይ ያገኙትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይመዘግባሉ። አበበ ከበደ የሚባል ተመራማሪ አንዱ ጋ «ከበደ አ.» ይሆናል። ሌላ ጊዜ የአያቱን ስም ጨምሮ ይልካል፣ ያኔ ደግሞ በአያቱ ስም ይገባል። ስሙ ኃይለማርያም ከሆነማ ነገሩ ይብሳል። በላቲን ፊደል አንዴ ገጥሞ፣ አንዴ በጭረት ለያይቶ፣ አንዴ በእዝባር አሳጥሮ ይጽፈዋል። አንድ ወጣት መምህር ስኮፐስ በሚባለው የምርምር ጽሑፎች መረጃ ቋት ላይ ሦስት የተለያየ ሰው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሳይቴሽኑም (ሌሎች ጽሑፎቹን የጠቀሱበት ብዛት) ለሦስት ተከፍሏል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ አንዱን ፕሮፋይል ብቻ ያየ ገምጋሚ ግን ገና ጀማሪ ነው ብሎ ያልፈዋል። ይህ በየጊዜው ይደጋገማል፣ በየጊዜውም ያሳዝነኛል።

እባካችሁ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከመላካችሁ በፊት ስማችሁን በላቲን እንዴት እንደምትጽፉ ወስኑ። ከፓስፖርታችሁ ጋር ቢገጥም ይሻላል። ከዚያ በኋላ አትቀያይሩት። ኦርኪድ (ORCID) በሚባለው የተመራማሪዎች መለያ መዝገብ ላይም ተመዝገቡ። ነጻ ነው፤ የእናንተ ብቻ የሆነ ባለ 16 አኃዝ መለያ ይሰጣችኋል። ስኮፐስ ላይ የተበታተነ ፕሮፋይልም ጠይቆ ማዋሃድ ይቻላል።

ጉግል ስኮላር በሚባለው የጉግል የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው ሥራ ወደ እናንተ ይመጣል። አዳዲስ ጽሑፎችን በራሱ እንዲጨምር ከፈቀዳችሁለት ሞክሼዎቻችሁ የጻፉትንም ይሰበስብላችኋል። የአፈር ሳይንስ ባለሙያ ፕሮፋይል ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና ጽሑፍ አይቻለሁ። ሰውየው አያውቅም ነበር፤ ኮሚቴው ግን በመጀመሪያ የጠረጠረው እሱን ነው። የፕሮፋይሉን ቅንብር «በኢሜይል አሳውቀኝ» በሚለው ቀይሩት።

ኤች ኢንዴክስን (የአንድን ተመራማሪ የጽሑፍ ብዛትና ተጠቃሽነት በአንድ ቁጥር የሚያሳየውን መለኪያ) ከሙያ ሙያ ማወዳደርም ትልቅ ስህተት ነው። መለኪያውን የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 አቀረበው። ስሌቱ ቀላል ነው። ስድስት ጽሑፎቻችሁ 40፣ 18፣ 9፣ 6፣ 5 እና 2 ጊዜ ተጠቅሰው ከሆነ ኤች ኢንዴክሳችሁ 5 ነው፤ አምስቱ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አምስት ጊዜ ተጠቅሰዋልና። ግን የሒሳብ ሰው ጥቂት ይጽፋል፣ የሚጠቀሰውም ቀስ እያለ ነው። ሕክምና ውስጥ ጽሑፉም ጠቃሹም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሂግስ ቦዞን የተባለውን የፊዚክስ ቅንጣት ክብደት ያሳወቀው ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት፤ ሳይቴሽኑ ለሁሉም ይቆጠራል። ለብቻው ቤተ መዛግብት ውስጥ ዓመታት ቆይቶ አንድ መጽሐፍ የሚያወጣ የታሪክ ምሁር ከእነዚህ ጋር እንዴት ይሰለፋል? መጽሐፉ በአማርኛ ከሆነ ስኮፐስ ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «ሳይቴሽን የለህም» ብሎ መመለስ ግፍ ነው። የታሪክና የቋንቋ ሰዎችም ዝም አትበሉ። መጽሐፋችሁን የጠቀሱትን ሥራዎች ራሳችሁ ዘርዝራችሁ አያይዙ።

ኢምፓክት ፋክተር የጆርናሉ ነው፣ የእናንተ ጽሑፍ ውጤት አይደለም። ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡ ጽሑፎች በዚህ ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ነው የሚያሳየው። ጽሑፋችሁ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ለብቻው ጻፉ።

የራሳችሁን ሥራ ያለ ምክንያት አትጥቀሱ።

«በሦስት ቀን እናትማለን» የሚል ኢሜይል ከመጣላችሁ ብራችሁን ያዙ። ሪቪው (የባለሙያዎች ግምገማ) በሦስት ቀን አያልቅም። ከዚህ የባሰው የታወቀ ጆርናል ስምና አይኤስኤስኤን (የጆርናሉን መለያ ቁጥር) ሰርቀው ተመሳሳይ ድረ ገጽ የሚከፍቱት ናቸው። ከደመወዟ ቆጥባ የከፈለች መምህርት አውቃለሁ። ጽሑፏ እውነተኛው ጆርናል ላይ የለም፣ ብሩም አልተመለሰም። በተላከላችሁ ሊንክ አትግቡ። የስኮፐስን የጆርናል ዝርዝር በነጻ ማየት ይቻላልና ከዚያ ተነሱ። ስኮፐስ ጆርናሉን የመዘገበው እስከ የትኛው ዓመት እንደሆነም ተመልከቱ፤ ከዝርዝሩ ከተሰረዙ በኋላ «ስኮፐስ ውስጥ ነን» እያሉ የሚቀጥሉ አሉ።

ፋይል ስታስገቡ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ምንጩንና ያያችሁበትን ቀን ጻፉ። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍና ፕሪፕሪንትም (ገና ያልተገመገመ ጽሑፍ) ይቆጥራል፤ ስኮፐስ የሚቆጥረው መርጦ ካስገባቸው ነው። የአንድ ሰው ኤች ኢንዴክስ አንዱ ጋ 14፣ ሌላው ጋ 8 ቢሆን ሁለቱም ልክ ነው። ምንጩ ካልተጻፈ ግን ኮሚቴው ፋይሉን ይመልሰዋል፣ እናንተም እስከሚቀጥለው ስብሰባ ትጠብቃላችሁ።